አባባ ሥራቸውን ለልጆች ሊያሳዩ የሄዱ ቀን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ራስሽ ደህና፣ ወገብሽ ደህና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ሲተኩስ የሚውለው ክንድሽ እንደምን አለ? ሆቴሉስ እንደምን አለ? እንግዶቹ እስካሁን አንሶላ ማቆሸሽ አልሰለቻቸውም? ያ ሲያንኮራፋ ግድግዳ ይነቀንቃል ያልሽኝ ጎረቤትሽስ? ግድግዳው ገና ቆሞ ከሆነ ለግድግዳውም ሰላምታ አቅርቢልኝ።

እኛ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ግን እንዲህ ያለውን ስታነቢ «ከሌላ ሰው ደብዳቤ ገልብጦ ነው» ስለምትዪ ተውኩት። እማዬ ደህና ናት፣ አባባ ደህና ናቸው፣ ልጅሽ ከደህናም አልፋለች። እኔ ብቻ አንድ ነገር ጎድሎብኛል፤ እሱም ፀጉሬ ነው። እንዴት እንደጎደለ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ቀልድህን ትተህ የአባባን እጅ ነገር በደብዳቤ ጻፍልኝ፤ እማዬ ስታንሾካሹክ የምሰማው ትንፋሿን ብቻ ነው» ብለሻል። እጃቸው ካልተሻለው ክረምቱ ሳይገባ ፀጉር ቤቱ ለአከራዩ እንዲመለስ፣ ወንበሩና መስታወቱ እንዲሸጥ፣ እሳቸውም ቤት ውስጥ አርፈው እንዲቀመጡ ቆርጠሻል። እሺ፣ ቀልዴን ትቼ እጽፋለሁ፤ ቀልዱ በራሱ እግር ከመጣ ግን ደጅ አላስቆመውም። ወረቀቱን የምታደርስልሽ ወደ አንቺ የምትመጣው የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። ከፍታ እንዳታነበው በማስቲሽ አሽገዋለሁ። ከፍተሽውም ከሆነ፣ አንቺ ልጅ፣ ነውር ነው፣ መልሰሽ ለጥፊው።

የታመመው ቀኝ እጃቸው ነው። ብርጭቆ በግራ መያዝ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ሥራ ላይ ግን መላ አግኝተውለት ነበር። ፀጉር ቆራጭ መቀሱን ፀጉር ላይ ከማሳረፉ በፊት አየር ላይ ቅጭ ቅጭ እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። አባባ ያችን ቅጭቅጭታ አበዟት። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መቀሱን በዚያው ምት ያስጮሁታል፤ ለሚያያቸው ሰው የሚንቀጠቀጡ ሳይሆን የሚቸኩሉ ይመስላሉ። ትንሽ ረገብ ሲልላቸው ጠብቀው ቆረጥ ያደርጋሉ። በዚህ ዘዴ የሰፈሩ ጆሮ ሁሉ እስከ ዛሬ በየቦታው አለ።

ደንበኞቹም ሞኝ አይደሉም። ግን «እጅዎ ምን ሆነ?» የሚል አፍ ጠፋ። በዚያ ፈንታ ሰፈሩ በሙሉ ባንድ ጊዜ አጭር ፀጉር ወደደ። «ሙቀቱ አልተቻለም፣ በቶንዶስ አንሱልኝ» ይላሉ፤ ውጭ ዝናብ እየወረደ ይላሉ። ቶንዶስ ማሽን ነው፤ ጥርሱ ላይ መከለያ ስላለው እጅ ቢንቀጠቀጥም አይነክስም። ያ በፀጉሩ የሚኮራው ልብስ ሰፊ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ተልጦ ከወንበሩ ሲነሳ፣ ሳቄን ለመዋጥ የተጠረገ ወለል እንደገና ጠርጌያለሁ። እማዬ ደግሞ «ማንም ትንፍሽ እንዳይል፤ ማወቃችንን ካወቁ ይሰበራሉ» ብላ ቤቱን አስምላለች። ቃሪያን ሳይቀር። ቃሪያ የምልሽ ልጅሽን ነው፤ በስሟ ስጠራት መዞር ትታለች፣ ቃሪያ ስላት ግን ልትማታ ትሮጣለች፣ ስለዚህ ቶሎ የምትመጣው በዚያ ነው።

እንግዲህ ከቃሪያ ትምህርት ቤት አንድ ነገር መጣ። ቲቸሯ ሦስተኛ ክፍሎችን ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብትላቸው ክፍሉ በሙሉ ወይ ዶክተር ወይ ፓይለት አለ። በሽተኛና ተሳፋሪ ልሁን ያለ አንድም አልተገኘም። ሴትዮዋ ይህ አሳስቧት ሌላም ሥራ እንዳለ በዓይናቸው ይዩ አለች። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ሠራተኛ ይዞ ይመጣል፣ ሠራተኛውም መሣሪያውን ይዞ ልጆቹ ፊት ይሠራል። ወሬ ብቻ አይፈቀድም። በየሳምንቱ ዓርብ አራት አራት ሰው ተመደበ።

ቃሪያ መጀመሪያ ያስመዘገበችው አንቺን ነበር። ቲቸሯ ግን በአካል የሚመጣ ሰው ነው የሚያስፈልገው አለቻት። «እናቴ በአካል አለች፣ እዚህ ነው የሌለችው» ብላ ተከራክራለች አሉ። ልጅቷ የኛ ናት፤ ሐኪም ቤት አልተለወጠችም።

አንቺ ሳይሆንላት ሲቀር ራት ላይ «አባባ፣ እርስዎ ይምጡልኝ» አለች። የእማዬ ማንኪያ አፏ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ቶሎ ብላ «አጎትሽ ይሂድልሽ» አለች። ቃሪያ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እሱ ምን ሊያሳይ? ወለል መጥረግ?» አለች። ቀልድ አሳያለሁ አልኳት። «ቀልድ ሥራ ቢሆን አንተ ሀብታም ነበርክ» አለችኝ። ከማን እንደተማረችው አላውቅም፤ ስትደውዪላት የምትነግሪያትን ቀነስ አድርጊ። አባባ ግን ምኑንም አልሰሙም። ሰርግ እንደተጠራ ሰው ፊታቸው በርቶ «እመጣለሁ» አሉ፤ ከራት በኋላ ነጭ ጋውናቸውን አሳጠቡ፣ መቀሳቸውንም በዘይት ወለወሉ።

አሁን የቀረው ራስ ነው። የተማሪ ፀጉር አይነካም፤ ወላጅ ይቆጣል ተብሏል። ሦስት ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። እትዬ፣ ጎፈሬዬን ታውቂዋለሽ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሲተወኝ ያልተወኝ እሱ ብቻ ነው። ብለምን ባለቅስ የሚሰማኝ አጣሁ። ጠዋት ስንወጣ እማዬ በጆሮዬ «ቀስ እያልክ ራስህን አዙርላቸው፣ መቀሱን ተከተለው» አለችኝ። መቀስ የሚከተል ራስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ለእንቁራሪት የተሠሩ ናቸው፤ ስቀመጥ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። ከኛ በፊት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እናት ነርስ ናት። የልብ ማዳመጫዋን ለልጆቹ እያዞረች ሰጠቻቸው፤ አንዱ የጓደኛውን ደረት አዳምጦ «የዚህ አይሰማም፣ ሞቷል» አለና ሟቹ በቦክስ መለሰለት። የገልባጭ መኪና ሹፌር የሆነው አባት መሪ ነቅሎ ይዞ መጥቷል፤ መኪናው ራሱ በምን እንደመጣ አልጠየቅኩትም። ባንክ የሚሠራው ባዶ እጁን ነበር። ምን ያድርግ፣ ቀን ሙሉ የሚይዘው ሁሉ የሰው ነው።

አባባ ተራቸው ደርሶ በነጭ ጋውናቸው ሲቆሙ አንዷ ልጅ «ዶክተር ናቸው» ስትል ሰሙ። አላረሟትም። ማበጠሪያቸውን ከፍ አድርገው «ይህ ዓይን ነው» አሉ፤ መቀሱን ከፍ አድርገው «ይህ እጅ ነው። ማበጠሪያው ያላየውን መቀሱ አይቆርጥም» አሉ። የሹፌሩ ልጅ ትልቅ ሰው ቆርጠው ያውቃሉ ወይ አላቸው። «የኔ ልጅ፣ ባለሥልጣንም ቢሆን እኔ ጎንበስ በል ስለው ጎንበስ ይላል» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ አባባ ቁመታቸው ጨመረ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ካየኋቸው ብዙ ጊዜዬ ነው።

ከዚያ በቀኝ ጎኔ ጀመሩ። ቅጭ ቅጭ ሲል ልጆቹም በአፋቸው ቅጭ ቅጭ ማለት ጀመሩ፣ ጎፈሬዬ በየቁራጩ ትከሻዬ ላይ ይወርዳል፣ እኔም እንደታዘዝኩት መቀሱን በራሴ እከተላለሁ። ግን ሱቅ ውስጥ ያለው አንድ ደንበኛና አንድ መስታወት ነው፤ እዚህ ዓይኑ በዛባቸው መሰለኝ። ቅጭቅጭታው ረዘመ፣ ቆረጥ የምትለዋ ግን አልመጣ አለች። በኋላ ጆሮዬ ጫፍ ላይ ብርድ የመሰለ ነገር ተሰማኝ፤ ደም ነው። እህ እንኳ አላልኩም፤ ይህን በስሜ መዝግቢልኝ።

ከፊት የተቀመጠች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ እጇን አወጣች። «አባባ፣ እጅዎ ለምን ይንቀጠቀጣል? እኛን ፈርተው ነው?» አለች። ቲቸሯ ደንግጣ «እንዲህ አይባልም!» አለቻት። ይሄኔ ቃሪያሽ ከወንበሯ ተነሳች። «ፈርተው አይደለም! ቤትም እንደዚህ ነው፣ ሱቅም እንደዚህ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። እማማ አስምላን ነው ለሳቸው የማንነግራቸው» አለች። ብላም ጥያቄ በትክክል እንደመለሰ ጎበዝ ተማሪ እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች።

መቀሱ ቆመ። አባባ ከኋላዬ ስለሆኑ ፊታቸውን አላየሁም። የማየው የልጆቹን ፊት ነው፤ እነሱ ደግሞ አላዘኑም አላፈሩም፣ መልስ ነው የሚጠብቁት። ነርሷ ጫማዋን ታያለች፣ የባንኩ ሰውዬ ጣራ ያያል።

«እውነት ነው?» አሉኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። እንደዚህ ባለ ጊዜ ከኔ ቀድሞ ቀልዴ ነው የሚመልሰው። በዚያን ቀን አልመጣልኝም። አዎ አባባ አልኳቸው። «ደንበኛውም ያውቃል?» ያውቃል አልኩ። «ልብስ ሰፊውም?» እሱማ የተላጨው ለዚያ ነው አልኩ። ከአፍንጫቸው አንድ ድምፅ ወጣ፤ ልቅሶ ከሆነ ብዬ ለመዞር ፈራሁ። ሳቅ ነው። «እኔኮ ሰፈሩ ቶንዶስ ወደደ ብዬ ሁለተኛ ልገዛ ነበር» አሉ።

ከዚያ ወደ ጥርሰ ወላቃዋ ዞሩና «አልፈራሁም የኔ ልጅ። እጄ ታሟል። እኔ የምደብቀው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰው ሁሉ ሲደብቅልኝ ኖሯል» አሏት። ልጅቷ ይህን ሰምታ እንደ ትልቅ ሰው ራሷን ነቀነቀች፤ ቀጥላም «ታዲያ የዚህን ሰውዬ ራስ ማን ይጨርሰው?» አለች። እውነቷን ነው። እኔ እኮ በቀኝ በኩል ሠራተኛ፣ በግራ በኩል ዘፋኝ ሆኜ ተቀምጫለሁ!

ነርሷ «እጄ አይንቀጠቀጥም፣ እርስዎ ያሳዩኝ» ብላ ተነሳች። አባባ መቀሱን ሰጧት፤ እሳቸው በጣታቸው እየጠቆሙ «ማበጠሪያውን አስቀድሚ፣ አትቸኩዪ፣ እዚያ ጋ አንሺ፣ ኧረ ቀስ!» እያሉ እሷ ቆረጠች። እየቆረጠችም ትጠይቃቸዋለች፤ እጅዎ ሲያርፍ ነው ወይስ ዕቃ ሲይዝ የሚብሰው፣ ከጀመረዎት ቆየ ወይ፣ ሐኪም አይቶታል ወይ። «ማን ይውሰደኝ? ማንም አያውቅማ» አሏት። ይህን ሲሉ አልሳቁም። እትዬ፣ አንቺም እኔም እማዬም ማወቃችንን ከሳቸው እንሰውራለን ስንል እጃቸውን ከሐኪም ሰውረን ከርመናል።

ነርሷ ስትጨርስ መቀሱን አስቀምጣ «መርፌ ይሻለኛል» አለች። ራሴ ላይ ዝንብ ብታርፍ ተደናቅፋ ትወድቃለች። ቲቸሯ በመጨረሻ ልጆቹን ከዛሬ ሥራዎች የወደዳችሁትን ሳሉ ብትላቸው፣ አብዛኛው ክፍል የሳለው እኔን ነው፤ ግማሽ ራሴን። ምን ልትሆን ትፈልጋለህ ሲባል «እሱን» ያለ ልጅም ሳይኖር አልቀረም።

ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ኖሮ እማዬ ቃሪያን በር ላይ ያዘቻት። «መሐላ አፈረስሽ!» ብላ ጮኸች። ልጅሽም «ለሳቸው አትንገሪ ነው ያልሽኝ፤ እኔ ለክፍሌ ነው የነገርኩት» አለች። ጠበቃ የሚባል ሥራ መኖሩን ገና ማንም አላሳያት። አባባ ጋውናቸውን እያወለቁ «ተዪያት፣ ዛሬ ከሁላችሁ ሥራ የሠራችው እሷ ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ እማዬ አለቀሰች፣ እሳቸው ራታቸውን በሉ።

ሰኞ ነርሷ የምትሠራበት ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ በአገናኝ መንገዱ ወዲያ ወዲህ አስኬዳቸው፣ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ አስነካቸው፣ እጃቸውን ይዞ አጠፈ ዘረጋ። ጨርሶ የሚጠፋ አይደለም፣ መድኃኒቱ ግን ያረግበዋል፣ ቶሎ ብትመጡ ጥሩ ነበር አለ። ምላጭ ከለከላቸው። መቀሱን ግን እርስዎ ያውቃሉ አላቸው። ከክሊኒኩ ስንወጣ «እኔ አውቃለሁ» እያሉ ደረጃውን ወረዱ።

የሚያውቁት ምን እንደሆነ ያየሁት በማግስቱ ነው። ሱቁን ከፍተው እንደ ደንበኛ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና መቀሱን በእጀታው በኩል ለኔ ዘረጉልኝ። ቀልድ መሰለኝ፤ ቤቱ ውስጥ ቀልድ የኔ ሥራ ነው ብዬ ልነግራቸው ስል ልብስ ሰፊው ገባ። ሰላም እንኳ ሳይል «እንግዲህ ነገሩ ከወጣ እኔም ልናገር። አጭር ፀጉር አልወድም። ጆሮዬን በርዶኛል። በመቀስ ነው የምፈልገው» አለና ወንበሩ ላይ ተደላደለ። አባባ ወደ እኔ አሳዩት። ልብስ ሰፊው በመስታወቱ ውስጥ ራሴን አየ፣ የራሱን ራስ አየ፣ ሊነሳ ቃጣ፣ ግን ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሬዋለሁ።

እሳቸው ከአግዳሚው እያዘዙኝ እኔ ቆረጥኩ። «ኧረ አንተ ልጅ፣ ጨርቅ አይደለም እኮ የምትቆርጠው!» ይላል ልብስ ሰፊው። «ጨርቅ ቢሆን ላንተ እሰጠው ነበር» እላለሁ። «አፍህን ዘግተህ ማበጠሪያውን እይ» ይላሉ አባባ። ስጨርስ ላቤ ወለሉን አርሶታል። ልብስ ሰፊው መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አየና «ያድጋል አይደል?» አላቸው። «ያድጋል» አሉት። በሳምንቱ እንደገና መጣ፤ ምን እንዳመጣው አልጠየቅኩትም፣ ያደገለት ግን አይመስለኝም።

ያን የመጀመሪያ ቀን ልብስ ሰፊው እንደወጣ አንቺ ያሰብሽውን ነገርኳቸው፤ ሱቁ ይመለስ፣ ወንበሩ ይሸጥ ማለትሽን። ይህን ሲሰሙ ነው ያዘኑት። ቃሪያ ክፍል ውስጥ ስትናገር እንኳ እንዲህ አላዘኑም። «እሷም ታውቃለች? ልጄ የኔን እጅ ከእናቷ ነው የምትጠይቀው?» አሉ። ከዚያ ቁርጡን ተናገሩ። «ይህ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መቁረጥ ከቻለ ሱቁ ይቀጥላል፤ ካልቻለ ቁልፉን ለአከራዩ የማስረክበው እኔ ራሴ ነኝ፣ ማንም አይዘጋልኝም» ብለዋል። እንግዲህ የፀጉር ቤቱ ነገር በኔ እጅ ላይ ወድቋል። ሳቂ፣ ሳቂ፣ አንጀትሽ እስኪቆስል ሳቂ። እኔ ግን ትናንት አንድ ሰው ቆርጬ ሳይሳደብ ሄዷል።

እማዬ ጉንጭሽን ሁለት ሁለት ጊዜ ትስምሻለች፤ ከእንግዲህ በስልክ ስታወራሽ ድምፅዋ ይሰማል፣ ስልኩን ከጆሮሽ ራቅ አድርጊው። ቃሪያሽ በሚቀጥለው ዓመት አንቺ በአካል መጥተሽ አንሶላ ስትተኩሺ ለክፍሉ እንድታሳዪ ከወዲሁ አስመዝግባሻለች፤ የካውያው ነገር ግን ቲቸሯን አሳስቧታል። ልብስ ሰፊው ሰላም ይልሻል፣ ኮፍያ ካገኘሽ ላኪልኝ ይላል። ነርሷም ባታውቅሽም ሰላም በይልኝ ብላለች።

እዚህ ላይ ላቆም ስል አባባ እስክሪብቶውን አምጣው አሉኝ። ላንቺ መጻፍ ትተው እኔን የሚያስጽፉኝ ዓይኔ ደከመ ብለው ነበር። ዓይናቸው ደህና ነው። ከዚህ በታች ያለው የሳቸው ጽሕፈት ነው፤ ስታነቢው አትቸኩዪ፣ ሲጽፉትም አልቸኮሉም።

ልጄ ሆይ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሌላው ደህና ነው። ከእንግዲህ ስለ እጄ እኔን ጠይቂኝ። አባትሽ።

ከፀጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ፣ ግንቦት 21 ቀን ተጻፈ።